መብራት አጥፍቶ ለሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ባትሪ ይሻላል?

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎት ከሰሚት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ኮንዶሚኒየም ቤቶችና ሱቆች ውስጥ ዝርጋታና ጥገና እሠራለሁ። ችግሬ የእጅ ባትሪ ነው። ቻርጅ የሚደረጉትን ከመርካቶም ከመንገድ ላይም ገዝቻለሁ። አንዱ ወር ሳይሞላው ደከመ፣ አንዱ ከመሰላል ላይ ሲወድቅ በዚያው ጠፋ፣ ሌላው ቻርጅ መሰኪያው ወለቀ። አሁን በስልኬ መብራት ነው የምሠራው፣ ሁለት እጅ ሲያስፈልገኝ በጥርሴ ነክሼው። ባለፈው ኮርኒስ ውስጥ ሳለሁ ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረ። ዱባይ ያለችው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ እስከ 120 ድርሃም የሚያወጣ ልግዛልህ ብላኛለች። ስንት ሉመን ልበላት? ኪስ ውስጥ የሚገባና የሚበረክት ነው የምፈልገው። መካኒክ ጓደኛ አለኝ፣ እሱም ይሄንኑ ጠይቅልኝ ብሎኛል።»

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ሉመኑ ላይ እንደርሳለን። ከሱ በፊት ግን ደብዳቤህ ውስጥ ያሳሰበኝ ነገር አለ።

አናጺውም ቀለም ቀቢውም ሲሠሩ የቤቱ መብራት ይበራላቸዋል። አንተ ግን ሥራህን የምትጀምረው ብሬከሩን በማውረድ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ቤቱ ይጨልማል። በእጅህ ያለው ባትሪ ደካማ ከሆነ፣ ወይም መሃል ላይ ይጠፋብኛል ብለህ ከሰጋህ፣ «ትንሽ ሥራ ናት፣ መብራቱን ሳላጠፋ ልጨርሳት» የምትል ሐሳብ ብልጭ ትላለች። 220 ቮልት ላይ ይቺ ሐሳብ ሰው ትገድላለች። ስለዚህ የምትመርጠውን ባትሪ እንደ ቴስተርህ እየው። ሳትጠራጠር ብሬከሩን እንድታወርድ የሚያደርግህ ዕቃ ነው። ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

በጥርስ ነክሶ መሥራትን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተወው። አብዛኞቹ ጥሩ ባትሪዎች አካላቸው አሉሚኒየም ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ደረቅ የእጅ ቆዳ ትንሽም ቢሆን ይከላከልልሃል፣ እርጥብ አፍ ግን ምንም አይከላከልም። ፊትህን ወደ ፓናሉ አስጠግተህ፣ ብረት በጥርስህ ይዘህ፣ በሁለት እጅህ ሽቦ እየነካህ መሥራት ልክ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ሉመን። ሉመን ከባትሪው የሚወጣው የብርሃን መጠን ጠቅላላ ድምር ነው። ሻጮች ቁጥሩን የሚወዱት ለመጻፍ ስለሚቀል ነው። ማሸጊያው ላይ 100,000 ሉመን የሚል አይተህ ይሆናል። ለማመዛዘን ያህል፣ የብዙ መኪኖች የፊት መብራት የሆነው ኤች4 የሚባለው አምፖል በረጅሙ ሲበራ 1,650 ሉመን ገደማ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ የስልሳ መኪና አምፖል ብርሃን አይሰጥም። እንዲህ ያለ ቁጥር ካየህ ባትሪውን መልሰህ አስቀምጠው፣ ምክንያቱም ቁጥሩን የዋሸ ሰው ድንጋዩንም ዋሽቷል።

የአንተ ሥራ ደግሞ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ፓናል፣ ሶኬት፣ የጣሪያ ሳጥን። እዚያ ላይ ከ100 እስከ 300 ሉመን ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነጩ ፓናል ላይ ነጥሮ ወደ ዓይንህ ይመለሳል፣ ብታፈጥም የሽቦውን ቁጥር ማንበብ ያቅትሃል። ከፍተኛው ብርሃን የሚያስፈልግህ ትልቅ ምድር ቤት ስትገባ ወይም ረጅም ኮሪደር ላይ ኬብል ስትከተል ነው፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ አንተ ዋትና ቮልት ታውቃለህ። ጥሩ የሊቲየም ድንጋይ 3.6 ቮልትና 3.5 አምፒር-ሰዓት ይይዛል፤ ሲባዛ 12 ዋት-ሰዓት ተኩል ገደማ። ደህና ኤልኢዲ ከነብክነቱ በአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ይሰጥሃል ብለህ ያዝ። እንግዲህ 150 ሉመን ላይ ብታበራው አንድ ዋት ተኩል ይበላል፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ይሠራልሃል ማለት ነው። የሥራ ቀንህ አለቀ። እዚያው ባትሪ ላይ 1,000 ሉመን ብትለው ግን አሥር ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። እሱንም አይቆይም። ትንሽ አካል ይህን ሙቀት ማስወገድ ስለማይችል ደህናው ባትሪ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ብልሽት መስሎህ እንዳትደነግጥ፣ ራሱን ከቃጠሎ እየጠበቀ ነው። ራሱን የማይጠብቀው ግን ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይሞታል።

ማሸጊያው ላይ «ይህን ያህል ሰዓት ይበራል» የሚለውንም በጥንቃቄ አንብብ። አምራቾች የሚጠቀሙበት ኤፍኤል1 የሚባል የመለኪያ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ የመብራት ጊዜ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። 1,000 ሉመን ለሦስት ሰዓት ሲልህ ሦስቱንም ሰዓት 1,000 ይሰጥሃል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚቆየው። አንተ ማየት ያለብህ መካከለኛው ደረጃ፣ 150 ወይም 200 ሉመን አካባቢ ያለው፣ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ነው። እሱ ካልተጻፈ እለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ወደ ድንጋዩ። ባትሪ ስትገዛ በእውነት የምትገዛው ድንጋዩን ነው። ሌላው አምፖልና ቧንቧ ነው።

የምትፈልገው 18650 የሚባለውን ነው። ቁጥሩ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በላፕቶፕ ባትሪዎች ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ፣ በየትም አገር የሚገኝ መጠን ነው። ከሱ የሚተልቀው 21700 አለ፣ ወደ 5,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል፣ ግን ባትሪውን ያወፍረዋል፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ ውስጥ ለሚይዝ ሰው 18650 ይስማማል። ተራ የሪሞት ድንጋይ የሚያህለው 14500 ደግሞ ለሸሚዝ ኪስ ደስ ይላል፣ የሚይዘው ኃይል ግን ለአንተ ቀን አይበቃም።

የጥሩ 18650 አቅም ብዙውን ጊዜ እስከ 3,500 ወይም 3,600 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ በቅርቡ የወጡ ጥቂቶች ብቻ 4,000 ይደርሳሉ። የሳምሰንግ 35ኢ 3,500፣ የፓናሶኒክ 18650ቢ 3,400። ከእነዚህ የተሻለ ነገር በመንገድ ላይ በርካሽ አይሸጥም። ስለዚህ 6,800፣ 9,900፣ 12,000 የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 ሁሉ ውሸት ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ደካማ ድንጋይ አዲስ ልባስ ለብሶ ነው። የአንተ የመጀመሪያው ባትሪ ወር ሳይሞላው የደከመው በዚህ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ርካሾቹ ድንጋዩ ሲያልቅ የሚያቋርጥ መከላከያ የላቸውም፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ ይጠጡታል። ሊቲየም ደግሞ ከልክ በታች ከወረደ ይጎዳል፣ ቻርጅ ብታደርገውም ወደ ድሮው አይመለስም። ደህና ባትሪ ድንጋዩ ሦስት ቮልት አካባቢ ሲደርስ ብልጭ ብልጭ ብሎ ያስጠነቅቅሃል፣ ከዚያ ያጠፋል።

ሱቅ ውስጥ ሆነህ የምትፈትሽበት ዘዴ አለ። እውነተኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ውሸተኛው ብዙ ጊዜ በጣም ቀላል ነው፣ አንዳንዱ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሚዛን ከሌለ ሁለት አዲስ የአልካላይን የሪሞት ድንጋዮች፣ ወፍራሞቹን ደብል ኤ፣ በአንድ እጅ፣ 18650ውን በሌላው እጅ ያዝ። ሁለቱ ደብል ኤ አብረው 46 ግራም ገደማ ናቸው። 18650ው ከእነሱ ቀለል ካለ አትውሰደው። ክብደቱ ልክ ሆነ ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ አሮጌም ይከብዳል። ቀላሉን ለመጣል ብቻ ነው የሚረዳህ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እንደ ሕግ ያዘው፦ ድንጋዩ የሚወጣ ይሁን። ውስጡ የታሸገ ባትሪ አትግዛ፣ የፈለገ ቢያምር። የሊቲየም ድንጋይ አቅሙ በግልጽ ሳይቀንስ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ይደረጋል። በየቀኑ ጨርሰህ በየማታው የምትሞላ ከሆነ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ መድከሙ አይቀርም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ያኔ ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ ሌላ ትጨምርበታለህ፣ ባትሪው ደግሞ ለዓመታት ያገለግልሃል። የታሸገ ከሆነ ሙሉውን ትጥላለህ። አንዳንድ ታዋቂ አምራቾች ድንጋዩ የሚወጣ ሆኖ ግን የራሳቸውን ብቻ የሚቀበል ያደርጉታል። ኦላይት ለምሳሌ ጥራቱ ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቹ ሞዴሎቹ የራሱን ልዩ ድንጋይና የራሱን የማግኔት ቻርጀር ይፈልጋሉ። እሱ ቻርጀር አዲስ አበባ ላይ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ? እኔ ለአንተ አልመርጥልህም።

ቻርጅ መሰኪያው ዩኤስቢ ሲ ይሁን፣ የስልክህ ገመድ እንዲሠራበት። የወለቀብህ የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ይመስለኛል። እሱ ቀጭን ነው፣ በብየዳ ብቻ ከተያዘ ደግሞ በቶሎ ይለቃል። አንድ የማይነገር ነገር ግን አለ። ብዙ ርካሽ ባትሪዎች መሰኪያው ሲ ቢሆንም ውስጡ መግባት ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ተዘለዋል። እንዲህ ያለው ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ምንም ቻርጅ አያደርግም፣ አንደኛው ጫፍ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ብቻ ይሠራል። ተበላሸ ብለው የሚጥሉት ሰዎች አሉ። ሱቅ ስትሄድ የራስህን ገመድና ፓወር ባንክ ይዘህ ሂድና እዚያው ሰክተህ እይ። መሰኪያውን የሚሸፍነው ጎማ ጠበቅ ብሎ መዘጋቱንም ተመልከት፤ ግድግዳ ስትቦረቡር የሚበነው የሲሚንቶ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

ስለ አቧራ ካነሳን፣ አይፒ የሚለውን ምልክት እንይ። የመጀመሪያው አሃዝ ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው። አይፒ67 ማለት አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥም 30 ደቂቃ ይቆያል። አይፒኤክስ8 ሲል «ኤክስ» ያለበት ቦታ ላይ አቧራው አልተለካም ማለት ነው፣ ውሃው ግን ተለክቷል። ለአንተ አቧራው ከውሃው ይብሳል። አይፒ67 ወይም 68 ካገኘህ ውሰድ፤ አይፒኤክስ8 ሆኖ በክዳኑ መጠምዘዣ ጥርሶች ላይ የጎማ ቀለበት ካለውም አትለፈው፣ ውሃ የከለከለ ቀለበት አቧራም ይከለክላል።

ጭንቅላቱ እየተጎተተ ብርሃኑን የሚያጠብና የሚያሰፋውን፣ ዙም የሚሉትን፣ ግን አትግዛ። ሻጩ ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን አሳይቶ ያስደንቅሃል። የሚንሸራተት ነገር ሁሉ አቧራ ያስገባል፣ ሲጠብ ደግሞ ግማሹ ብርሃን እዚያው ውስጥ ይቀራል፣ በክንድ ርቀት ላይም አንዲት ጠባብ ነጥብ ብቻ ይሰጥሃል። ለሥራ የሚሆነው ሰፋ ብሎ ለስለስ ያለ ብርሃን ነው፣ ፓናሉን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያሳይ።

ሲወድቅ የጠፋብህ ደግሞ ይመስለኛል ሞላው ነው። ብዙዎቹ ሞላ የሚያደርጉት ከጭራው ብቻ ነው። ባትሪው በጭንቅላቱ ሲወድቅ ድንጋዩ ባለው ክብደት ሁሉ ሄዶ የኤልኢዲውን ሰሌዳ ይመታዋል። በሁለቱም ጫፍ ሞላ ያለው ይህን ይችላል። ክዳኑን ፍታና ከሁለቱም በኩል ተመልከት፣ ፈታኝ ነገር አይደለም። የኤፍኤል1 ደንብ ዝቅተኛው የውድቀት ልክ ኮንክሪት ላይ አንድ ሜትር ነው፤ አንተ ግን መሰላል ላይ ነህ፣ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚለውን ፈልግ። ከዚህም በላይ ደግሞ ጭራው ላይ ገመድ ማሰሪያ ቀዳዳ አለ፣ አንድ ክር አስርበትና መሰላል ስትወጣ ከቀበቶህ ጋር አያይዘው። ከወደቀው ባትሪ ይልቅ ከታች የቆመው ረዳትህ ያሳስበኛል።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማንም ሻጭ አይነግርህም። ርካሾቹ ባትሪዎች ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀዝቃዛ ነጭ ይሰጣሉ። በዚያ ብርሃን ቡኒው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ይመሳሰልብሃል፣ ቀዩም ደብዝዞ ቡኒ ይመስላል። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ዝርጋታው የተለያየ ዘመን ነው፣ ቀይም ቡኒም ሰማያዊም ጥቁርም በአንድ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልለው ታገኛለህ። ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅም ሲአርአይ በሚባል መለኪያ ይጻፋል፣ ከፍተኛው 100 ነው። ተራው ባትሪ 70 አካባቢ ነው፤ አንተ 90 እና ከዚያ በላይ ፈልግ። የቀለም ሙቀቱ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ሲሆን ለዓይን ይስማማል። ሉመኑ በዚህ ምክንያት ትንሽ ይቀንሳል፣ ይቀንስ። ቀለሙን ያየህ ቢመስልህም ደግሞ ቴስተርህን አውጣ፤ የቀደመህ ሠራተኛ ኒውትራሉን በቀይ ጎትቶት ሊሆን ይችላል።

ማብሪያው እንዴት እንደሚሠራ በእጅህ ይዘህ እይ። በጓንት የሚጫን ይሁን። ሲበራ ቀጥታ በሚጠቅምህ ደረጃ የሚበራ፣ ያለፈውን ደረጃ የሚያስታውስ። በየማብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን ደረጃ አልፈህ የምትሄድበት ከሆነ ሳምንት ሳይሞላ ያስመርርሃል። ኪስ ውስጥ ሳታውቅ የሚበራም አለ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ጠንካራ ባትሪ ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ከበራ ሱሪ ያቃጥላል። ስለዚህ መቆለፊያ ይኑረው፤ በብዙዎቹ ጥሩ ባትሪዎች የጭራውን ክዳን ሩብ ዙር ብቻ ብታላላው ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ያኔ በምንም አይበራም። ማታ ቦርሳህ ውስጥ ስትጥለው እንዲህ አድርገው።

አሁን የጥርሱ ነገር። ለአንተ የምመርጥልህ ቀጥ ያለውን አይደለም፤ አንገቱ በቀኝ ማዕዘን የታጠፈውን ነው፣ ብርሃኑ ከጎኑ የሚወጣውን። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ከግንባር ማሰሪያ ጋር ይመጣሉ። ከማሰሪያው ስታወጣው የኪስ ባትሪ ነው፣ ሸሚዝህ ኪስ ላይ በክሊፑ ስትሰካው ወደፊት ያበራልሃል፣ ኮርኒስ ውስጥ ስትገባ ግንባርህ ላይ ታስረዋለህ። ሁለቱም እጅህ ነፃ ይሆናል፣ ብርሃኑም ዓይንህ ወደዞረበት ይዞራል። መጠኑ ያው ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው። አንዴ ከለመድክ ወደ ቀጥ ያለው አትመለስም።

ጭራው ላይ ማግኔት ያለውም ይጠቅምሃል፣ ግን በጥንቃቄ። የፓናሉ በር ላይ ለጥፈው፣ ከጎኑም ይሆናል። ከባስባሩ፣ ኃይሉን ከሚያከፋፍለው ራቁት ብረት፣ በላይ ግን በፍጹም እንዳትለጥፈው። ተንሸራቶ ቢወድቅ የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው በሁለት ፌዝ መሃል የጣልከው። ኃይሉ ወርዷል ብለህ ስታምን እንኳ ይሄን ልማድ አድርገው። ኃይል ባለበት ፓናል አጠገብ ብዙ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ የግንባር ባትሪ ከአሉሚኒየሙ ይሻልሃል፤ ትንሽ ቶሎ ይቧጨራል፣ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ለመካኒኩ ጓደኛህ ከላይ ያልኩት አብዛኛው ይሆነዋል፣ ማግኔቱ ለሱ ከአንተ ይበልጥ ያስፈልገዋል፣ ከቦኔቱ ሥር የሚለጥፍበት ብረት ሞልቷል። የብረት ብናኝ ስለሚሰበስብ ግን በየጊዜው ይጥረገው። ለሱ ብቻ የምለው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ባትሪዎች ብርሃናቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በጣም በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው። ዓይን አያየውም። ግን የሚሽከረከር ነገር ላይ ስታበራው፣ የሞተር ፋን ላይ ወይም ቺንጋ ላይ፣ ዝግ ያለ ወይም የቆመ ሊመስል ይችላል። የቆመ የመሰለውን ፋን የነካ ሰው ጣቱን ያጣል። ሲገዛ ባትሪውን በዝቅተኛው ደረጃ አብርቶ በስልኩ ካሜራ ይመልከተው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ወጥተው ከተርገበገቡ ይተወው።

አገር ውስጥ በብዛት የሚሸጠው፣ ከጀርባው የሶኬት ጥርስ ወጥቶ ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ባትሪ፣ ለቤት ክፉ አይደለም፣ ለሥራ ግን አልመክርህም። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ትንሽ የሊድ አሲድ ድንጋይ ነው፣ ባዶውን ጥቂት ሳምንት ካስቀመጥከው ይሞታል። በርካሾቹ ውስጥ ደግሞ ትራንስፎርመር የለም፣ ኃይሉን የሚቀንሰው አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው። ተሰክቶ ሳለ ውስጡ ያለው ሁሉ ከ220ው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቻርጅ ላይ እያለ እንዳትፈታው።

ለእህትህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ «ድንጋዩ የሚወጣ 18650 የሆነ፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ፣ አንገቱ የታጠፈ ከግንባር ማሰሪያ ጋር፣ ጭራው ማግኔት ያለው፣ ሲአርአይ 90 የሆነ፣ ድንጋዩ አብሮ የሚመጣ።» ከአምራቾቹ ውስጥ ሶፊርንና ዉርኮስ በዚህ ዋጋ ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ፣ ቁጥራቸውም ብዙ አይዋሽም። 120 ድርሃም ወደ 33 ዶላር ነው፣ የነሱ የ18650 ባትሪዎች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 35 ዶላር መሃል ይገኛሉ። ቀጥ ያለውን ከመረጥክ የዉርኮስ ኤፍሲ11 የምትፈልገውን አብዛኛውን ይዟል፦ 18650፣ ዩኤስቢ ሲ፣ ማግኔት፣ ደህና ቀለም። ፌኒክስና ናይትኮር ይበልጥ ጠንካራ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ከተመደበልህ ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካው ስትሪምላይትም እንደዚያው። አማዞን የኤምሬትስ ገጽ ላይ ስትገዛ ከአምራቹ ከራሱ ሱቅ መሆኑን ትመልከት፣ ትርፍ ድንጋይ ብቻውን ከማይታወቅ ሻጭ አትግዛ።

ትርፍ ድንጋይ ከገዛች ደግሞ በአውሮፕላን ስትመጣ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው። ያልተገጠመ የሊቲየም ድንጋይ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው፣ የአየር መንገዶች ሁሉ ሕግ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ የፕላስቲክ መያዣ ወይም ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። ባትሪውንም በእጅ ቦርሳ፣ ክዳኑን ሩብ ዙር አላልታ።

ከእጅህ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን እቤትህ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ በመካከለኛው ደረጃ አብርተህ አስቀምጠውና ስንት ሰዓት እንደሄደ እይ። ከተጻፈው በግማሽ ካነሰ እህትህ ሳትመለስ ንገራት፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ። ቻርጅ ስታደርግ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሳይሆን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት። ቀን ሙሉ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሥር አትተወው፣ ሙቀት ድንጋዩን ከምንም በላይ ያስረጀዋል። በየወሩ የክዳኑን ጥርሶች በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ የጎማ ቀለበቱን በትንሽ የሲሊኮን ግራሶ ቀባው፤ የመኪና ግራሶ አትጠቀም፣ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል።

ትርፉን ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ እንዳትይዘው። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘው እዚያው ኪስህ ውስጥ ይግላል። ልባሱ ከተቀደደ ወይም ድንጋዩ ካበጠ አትጠግነው፣ ከሥራ አውጣው።